ምግብ የተወች ፌረት፦ ሲሪንጁን ከማንሳትዎ በፊት

ጤነኛ ውሻ አንድ ቀን ምግብ ቢተው ባለቤቱ «ነገ ይበላል» ብሎ ቢያድር ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነገር የለም። ፌረት ላይ ግን ይህ አይሠራም። ይህች ወገበ ረዥም፣ እግረ አጭር ሥጋ በል የቤት እንስሳ የምትበላው በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። አንጀቷ በጣም አጭር በመሆኑ የበላችው ነገር ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተፈጭቶ ይወጣል። ማታ ያኖሩላት ምግብ ጠዋት ሳይነካ ካገኙት ሆዷ ባዶ ከሆነ ብዙ ሰዓት አልፎታል ማለት ነው። የእንስሳት ሐኪሞች እንኳ ለቀዶ ሕክምና ሲያዘጋጇት ከምግብ የሚያቆይዋት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የጉበቷ ነገር አለ። ምግብ ሲቋረጥባት ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ እያወጣ ወደ ጉበት ይልካል። ጉበቷ ያን ሁሉ ስብ በአንዴ ማስተናገድ ስለማይችል ስቡ እዚያው ይከማቻል። በፌረት ላይ ይህ ሳምንታት አይፈጅም፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ጉበቷ በስብ የተጨናነቀባት ፌረት ያቅለሸልሻታል፤ ሲያቅለሸልሻት ደግሞ ይብስ ምግብ ትጠላለች። የመጀመሪያው ሕመም ቢሻላት እንኳ ረሃቡ ራሱ ሁለተኛ ሕመም ሆኖ ይቆያታል።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ በሲሪንጅ ማብላት ነው። ማብላቱ ሕይወት ያድናል፤ ብዙ ፌረቶችም የተረፉት በዚሁ ነው። ነገር ግን ምግብ መተው በራሱ በሽታ አይደለም፤ ከኋላው ያለው ምክንያት ነው የሚወስነው። አንዳንዱ ምክንያት አሁኑኑ ማብላትን ይጠይቃል፣ ሌላው ደግሞ ማብላትን ጨርሶ ይከለክላል። ስለዚህ ሲሪንጁ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል፦ ስኳሯ ወርዷል ወይ? አንጀቷስ ተዘግቷል ወይ?

ስኳሯ ወርዷል ወይ?

ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት ያለፈ ፌረቶችን አዘውትረው ከሚይዙ በሽታዎች አንዱ ቆሽት ላይ የሚበቅል ትንሽ እጢ ነው። ሐኪሞች ኢንሱሊኖማ ይሉታል። ይህ እጢ ኢንሱሊንን ያለ ልክ ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑም በደሟ ውስጥ ያለውን ስኳር ጠራርጎ ይጨርሰዋል። ጤነኛ ፌረት ላይ የደም ስኳር ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 120 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ይገኛል። ከ70 በታች ሲወርድ ሐኪሙ መጠርጠር ይጀምራል፤ ከ60 በታች ሲሆን ጥርጣሬው ይጠነክራል። አስቸጋሪው ነገር ይህች ፌረት ምግብ በተወች ቁጥር ስኳሯ ይበልጥ መውረዱ፣ ስኳሯ በወረደ ቁጥር ደግሞ እያቅለሸለሻት ምግብ መተዋ ነው።

ምልክቱን ለማወቅ ዓይኗን ይመልከቱ። ወደ አንድ ቦታ ፈዛ ታያለች፤ ሲጠሯት ቶሎ አትመለስም። የኋላ እግሮቿ ይከዷታል፤ ስትራመድ ዳሌዋ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ከዚያም ቁጭ ትላለች። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ አፏን በፊት እግሮቿ እየደጋገመች ትቧጥጣለች። ሲብስ ያንቀጠቅጣታል፤ ራሷንም ትስታለች።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ጤነኛ ፌረት በቀን ከ14 ሰዓት በላይ ልትተኛ ትችላለች፤ እንቅልፏ ሲጠልቅም አንስተው ቢያንጠለጥሏት የማትነቃበት ጊዜ አለ። ለብዙ አዲስ ባለቤቶች ይህ የሞተች ያህል ያስደነግጣል። ልዩነቱ ሲነቃ ነው የሚታወቀው። ከጥልቅ እንቅልፍ የነቃች ፌረት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ታዛጋለች፣ ትንጠራራለች፣ ከዚያም ትሮጣለች። ስኳሯ የወረደ ግን ከነቃችም በኋላ ትወላከፋለች፤ ድዷም የነጣ ወይም የገረጣ ሊሆን ይችላል።

ስኳር መውረዱን ከጠረጠሩ ጥቂት ማር ወይም ወፍራም የስኳር ሽሮፕ በጥጥ ጫፍ አድርገው ድዷ ላይ ይቀቡ። እየተንቀጠቀጠች ከሆነ ጣትዎን በጥርሶቿ መካከል አያስገቡ፤ ሳታውቅ አጥንት ድረስ ልትነክስ ትችላለች። ራሷን ለሳተች ፌረት ፈሳሽ አፏ ውስጥ ማፍሰስም አደገኛ ነው፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ነቅታ መዋጥ ስትችል ወዲያው ሥጋ ያለበት ምግብ ይስጧት። ስኳሩ ብቻውን ከቀረ ያ እጢ ስኳሩን አይቶ ሌላ ኢንሱሊን ይለቅቃል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከቀድሞው የባሰ ልትወድቅ ትችላለች። ማሩ ወደ ሐኪም የምትደርስበትን ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድናትም፤ በዚያው ቀን መታየት አለባት። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው ቀዶ ሕክምና፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዳያዞክሳይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች ሊመርጥ ይችላል። በመድኃኒት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ደህና ሆነው የሚኖሩ አሉ።

አንጀቷስ ተዘግቷል?

ወጣት ፌረት ከሆነች፣ በተለይ ከ2 ዓመት በታች፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የዋጠችው ነገር መሆን አለበት። ፌረቶች ላስቲክና ስፖንጅ ማኘክ ይወዳሉ፦ የሪሞት ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ ጫፍ፣ የጫማ ውስጠኛ ሶል፣ የበር ማቆሚያ ጎማ። ቤቱን ይዙሩ። ከሶፋ ሥር በጎተተችው ክምችት ውስጥ ጫፉ በትንንሽ ጥርስ የተቆረሰ ላስቲክ ቢያገኙና ቁራሹ ቢጠፋ መልሱ ግማሽ ያህል ተገኝቷል። ያገኙትን ቅሪት ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ዕድሜዋ የገፋ ከሆነ ደግሞ ስትላስ የዋጠችው ፀጉር በጨጓራዋ ውስጥ ተጠቅልሎ ሊዘጋት ይችላል፤ ፌረት እንደ ድመት ፀጉሩን በቀላሉ አትተፋውም።

«አላስመለሳትም፤ ስለዚህ አልተዘጋም» የሚለው አባባል ብዙ ፌረት አስከፍሏል። አንጀቷ ተዘግቶ ጨርሶ የማታስመልስ ፌረት አለች። ይልቅ ሌሎቹን ምልክቶች ይፈልጉ፦ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ሆዷን ስትነካ ትጠነክራለች ወይም ትጮኻለች፣ ወደ ምግቡ ቀርባ አሽትታ ትመለሳለች፣ ሰገራዋ ቀጥኖ እንደ ክር ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ ይቀራል። አንጀቷ አጭር ስለሆነ ግማሽ ቀን ሙሉ ሰገራ አለመታየቱ ብቻውን ትልቅ ዜና ነው።

ይህ ጥርጣሬ ካለ አያብሏት። የተዘጋ አንጀት ላይ ምግብ መጨመር አንጀቱን ይወጥረዋል፤ ሊቀደድም ይችላል። የተዋጠ ፀጉር አለስልሶ ያስወጣል ተብሎ የሚሸጠው በአፍ የሚሰጥ ቅባት እንኳ የተዘጋ አንጀትን አይከፍትም፤ ሰዓት ብቻ ይበላል። ላስቲክ በራጅ ላይ ብዙ ጊዜ ራሱ አይታይም፤ ሐኪሙ የሚያየው ከላዩ የተጠራቀመውን አየር ነው፤ ስለዚህ አልትራሳውንድም ሊጠይቅ ይችላል። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ቶሎ የተደረገላቸው ፌረቶች በጥሩ ሁኔታ ይድናሉ፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ የመጣችው ግን ሰውነቷ ደርቆ፣ የአንጀቷ ክፍል ሞቶ ልትገኝ ትችላለች። «እስከ ሰኞ ልጠብቅ» ማለትን ከምንም በላይ የምፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች

ብዙ ፌረቶች ሄሊኮባክተር ሙስቴሌ የተባለውን ባክቴሪያ በጨጓራቸው ይዘው ይኖራሉ፤ ብዙውን ጊዜም ምንም አያደርጋቸውም። ሌላ ሕመም፣ የቤት ለውጥ፣ የአዲስ እንስሳ መምጣት ወይም ቀዶ ሕክምና ሲያስጨንቃቸው ግን ባክቴሪያው ጨጓራን ያቆስላል። ምልክቱ ጥርስ ማፋጨት፣ ለሃጭ፣ መክሳትና እንደ ሬንጅ የጠቆረ ተጣባቂ ሰገራ ነው፤ ጥቁረቱ የተፈጨ ደም ነው። ሐኪሞች አሞክሲሲሊንን ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምረው፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስና ቁስሉን የሚሸፍን ጨምረው ለሳምንታት ይሰጣሉ። በተሰጣት መድኃኒት ውስጥ ቢስመዝ የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ካለ እሱ ራሱ ሰገራን ያጠቁራል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቀለሙ ምን እንደነበር ያስታውሱ። የቁስለት ሕመም ያለባት ፌረት በአብዛኛው መብላት ትፈልጋለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ትልስና ሕመሙ ሲጀምራት ትተዋለች። ለእርሷ ለስላሳና ለብ ያለ ምግብ ደጋግሞ መስጠት ከመድኃኒቱ እኩል ይረዳታል።

አረንጓዴና ዝልግልግ ተቅማጥ ካለ፣ በተለይም አዲስ ፌረት ወደ ቤት ከገባች በኋላ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። የሚያመጣው ኮሮናቫይረስ ነው። ወጣቶቹ ሳይታመሙ ያስተላልፉታል፤ የሚጎዱት ትልልቆቹ ናቸው። እዚህ ላይ ፈሳሽ ማጣት ዋናው ጠላት ነው። አረንጓዴ ቀለም ግን ብቻውን ይህን በሽታ አያረጋግጥም፤ ምግብ ያልበላች ፌረት ሁሉ ሐሞት ብቻ ስለሚወጣት ሰገራዋ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

ጉንፋን የመሰለ ነገር ካለ ራስዎን ይጠይቁ። ፌረት የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ትይዛለች፤ መልሳም ታስተላልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የለዩት በፌረቶች አማካይነት ነበር። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ሌላ ሰው ይመግባት። ዓይኗና አፍንጫዋ ወፍራም ፈሳሽ የሚያወጣ፣ የአገጯ ቆዳ የሻከረ፣ ክትባትም ያልወሰደች ከሆነ ግን ዲስተምፐር የሚባለው የቫይረስ በሽታ መሆኑ ያስፈራል፤ ይህ ለፌረት ገዳይ ነው።

ወንድ ፌረት ለመሽናት እያማጠ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣው ምግብ የተወው በሽንት መዘጋት ነው፤ ይህ ሰዓት የማይሰጥ ጉዳይ ነው። አፏንም ይክፈቱ፤ የተሰበረ ክራንቻ ወይም ላንቃዋ ላይ የተሰካ ነገር ብቻውን ከምግብ ሊያርቃት ይችላል። ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ፌረት ላቧን አውጥታ ራሷን ማቀዝቀዝ አትችልም፤ መብላት ታቆማለች፣ ትዝለፈለፋለች። ጓደኛዋ የሞተባትም ምግብ ልትተው ትችላለች፤ ሆኖም ሐዘን ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ጓደኛዋን የገደለው በሽታ እሷንም ይዟት እንደሆነ ማስመርመር ይቀድማል።

ምግቧን ቀይረው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፌረት በመጀመሪያዎቹ ወራቷ አሽትታ ሽታውን የለመደችውን ብቻ ምግብ ትላለች፤ በሌላ ምግብ ፊት ተርባ መቀመጥ ትችላለች። ቀላል መለያ አለ፦ ከሁሉ የምትወደውን ነገር በጣትዎ ያቅርቡላት። እሱን በጉጉት ከላሰች ችግሩ ምናልባት ሳህኑ ላይ ነው። እሱንም አሽትታ ፊቷን ካዞረች ታማለች።

ማብላት

ስኳሯ ተስተካክሎ፣ መዘጋት አለመኖሩን ሐኪም አይቶ «አብላት» ካለ በኋላ ሥራው የእርስዎ ነው። ምግቡ ሥጋ መሆን አለበት። ፌረት እህልና ፍራፍሬ የሚፈጭ አንጀት የላትም። ለታመሙ ሥጋ በል እንስሳት የሚዘጋጅ ዱቄት ከተገኘ የተሻለ ነው። ካልተገኘ የራሷን ደረቅ ምግብ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው በብሌንደር ይፍጩት፤ ወይም የተፈጨ የዶሮ ሥጋ ከመረቁ ጋር ይጠቀሙ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይግባበት፤ ለሕፃናት በተዘጋጀ የሥጋ ምግብ ውስጥም አንዳንዴ ስለሚኖሩ ማሸጊያውን ያንብቡ። ውፍረቱ በሲሪንጅ የሚወጣ፣ ግን ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ ይሁን። ለብ ያድርጉት፤ ሙቀቱ ሽታውን ያወጣዋል፣ ፌረት ደግሞ የምትበላው በአፍንጫዋ ነው።

መጀመሪያ ሲሪንጅ አያሳይዋት። ጥቂት በጣትዎ ጫፍ ወስደው ከንፈሯ ላይ ይቀቡ። ስትልሰው ሌላ ይጨምሩ፤ ከዚያም ጣትዎን ቀስ በቀስ ወደ ማንኪያው፣ ማንኪያውን ወደ ሳህኑ ያቅርቡ። ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይጀምራሉ፤ በፈቃዷ የላሰችው አንድ ማንኪያ በግድ ከገባው ሦስት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እምቢ ካለች በፎጣ ጠቅልለው ራሷ ብቻ እንዲወጣ ያድርጉ፤ ጭንዎ ላይ በሆዷ ያስቀምጧት፤ በጀርባዋ በፍጹም አያስተኟት። መርፌ የሌለው 1 ወይም 3 ሚሊሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ከክራንቻዋ ኋላ በጉንጯ በኩል ያስገቡና በአንድ ጊዜ ግማሽ ሚሊሊትር ያህል ብቻ ይግፉ። ምላሷ ሲንቀሳቀስና ጉሮሮዋ ሲውጥ ያያሉ፤ ያን ሳያዩ ሁለተኛውን አይጨምሩ። ብታስል ወይም በአፍንጫዋ ቢወጣ አቁመው አፏን ወደ ታች ያዘንብሉ። ወደ ሳንባ የገባ ምግብ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ይህን በማስገደድ የሚመጣ ጉዳት ሁሌም ያስቡት።

1 ኪሎ ግራም የምትመዝን ፌረት በቀን ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል። በአንድ ምግብ ከ5 ሚሊሊትር ይጀምሩ፤ ከተቀበለችውና ካላስመለሳት ወደ 10 ከዚያም ወደ 15 ያድርሱት። በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። ሌሊት መነሳቱ ይከብዳል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ተራ መያዝ ይሻላል፤ እንቅልፍ ያጣ እጅ ሲሪንጁን ይቸኩልበታል። እያቅለሸለሻት ካስተዋሉ መጠኑን ጨምሮ መግፋት ሳይሆን ከሐኪሙ የማቅለሽለሽ መድኃኒት መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው።

ውሃውም ሊዘነጋ አይገባም። ድዷን በጣትዎ ይንኩ፤ እርጥብና የሚያንሸራትት መሆን አለበት። ጣትዎን ከያዘው፣ ወይም ከትከሻዋ መካከል ቆንጥረው የለቀቁት ቆዳ ቶሎ ካልተመለሰ ፈሳሽ አንሷታል። ጥቂት ሲያንስ ምግቧን ማቅጠን ይበቃል፤ ብዙ ሲያንስ ግን በአፍ የሚሰጠው አይደርስላትም፤ ሐኪሙ ከቆዳዋ ሥር ወይም በደም ሥር ይሰጣታል።

ለሰው የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ አይስጧት። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለፌረት መርዝ ናቸው፤ አይቡፕሮፌን በትንሽ መጠን እንኳ ኮማ ውስጥ ሊከታት ይችላል። ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ያለበት ማንኛውም ጣፋጭም እንዲሁ ይከልከል።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኗትና ከበላችው መጠን ጋር ይጻፉት። ዓይን ይሸነግላል፤ ፀጉሯ ወፍራም ስለሆነ የከሳችው ቶሎ አይታይም። ፌረት በብርዱ ወቅት መግቢያ የምትወፍር፣ በሙቀቱ ጊዜ የምትከሳ እንስሳ ናት፤ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጣ ለውጥ አያስጨንቅዎ፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከ1 ኪሎዋ 50 ግራም መውረዷ ግን ያስጨንቃል። ሌሎች ፌረቶች ካሉ ሰገራው የማን እንደሆነ ለማወቅ እሷን መለየት ያስፈልጋል፤ ሆኖም ለብቻ መዘጋት የሚያስከፋት ከሆነች በቀን ጥቂት ጊዜ ከጓደኛዋ ጋር ታቅፋ ትተኛ፤ ተላላፊ በሽታ ካልተጠረጠረ በስተቀር።

ራሷ ከሳህኑ መብላት ስትጀምር ሲሪንጁን በአንድ ቀን አያቋርጡ። ከሳህን የበላችውን ይመዝኑ፤ የዚያኑ ያህል ከሲሪንጁ ይቀንሱ። ሌሊቱን የምትበላውን ምግብ ለስላሳ አድርገው አጠገቧ ያኑሩ፤ የቀድሞውን ደረቅ ምግብ ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይመልሷት። ክብደቷ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ካልወረደ የሌሊቱን መነሳት መተው ይችላሉ፤ ሚዛኑን ግን ለጥቂት ሳምንታት ከቦታው አያንሱት።